የጡብ ሰፈር ለቅሶ

በሾላ ማዶ ቀን የሚጀምረው በማረም ነው። ገና ፊታችንን ሳንታጠብ ማህደር የሚባለው መዝጋቢ ማሽን ትናንት ከተናገርነው ውስጥ ያልተረጋገጠውን ለቅሞ ያቀርብልናል። «ትናንት በስምንት ሰዓት ‹የእናቴን ሽሮ የሚያህል የለም› ብለዋል። ማስረጃ አልተገኘም። ያርማሉ?» ጥርስ እየቦረሹ «አርሜያለሁ» ማለት ነው፤ አለቀ። ሦስት ጊዜ ያላረመ ተማሪ በምሳ ሰልፍ ላይ ወደ ኋላ ይላካል። አሥር ጊዜ ያላረመ የመኝታ ክፍሉ ይቀየርበታል። ከዚያ ያለፈ ሰው ምን እንደሚሆን አናውቅም ነበር፣ ያለፈ ሰው አልነበረምና። እናቴ ስትደውልልኝ ስለ ድሮ ማውራት ከተወች ቆይታለች። ስለ አየር ጠባይ ነው የምትጠይቀኝ፤ አየር ጠባይ ምን ጊዜም ማስረጃ አለው።

ትርንጎ እባላለሁ። ይህ ሁሉ በሆነበት በ2094 ዓ.ም. የሾላ ማዶ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ነበርኩ፣ ሦስተኛ ዓመት። ግትር ነሽ ይሉኛል። ይህቺን ማህደር እንኳ አርሞልኝ አያውቅም።

ስለ ማህደር ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ የሌለበት ቤት የለም። ለእኛ ለታሪክ ተማሪዎች ግን «ዱካ» የሚለው ምን ምኑን እንደሆነ ማወቅ ግዴታ ነው። የተመዘገበ ማህተም ያለበት ወረቀት ዱካ ነው። የባለሥልጣን ድምፅም ዱካ ነው፤ ባለሥልጣን በሥራ ሰዓት የሚናገረው ሁሉ ማህተም እንደተመታበት ይቆጠራል። አንድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት የምግብ አዳራሹን ሲጎበኙ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ብለው ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም አልሻሩትም። «በ2091 ዓ.ም. የሾላ ማዶ ወጥ ጨው የበዛበት ነበር» ተብሎ በከተማዋ ታሪክ ውስጥ ገባ፣ እኛም ለፈተና አጠናነው። ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣኖቻችን በሥራ ሰዓት አፋቸውን አይከፍቱም። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ፣ የሚናገርላቸው ጸሐፊ ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል። የቀረው ሰው ቃል፣ የእኛም የእናቶቻችንም፣ «ጨዋታ» የሚባል ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ማንም አያጠፋውም፤ ማንም ደግሞ አይቆጥረውም።

ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ስለሚማርበት ከተማ ታሪክ አንድ ጥናት ይጽፋል። ሥራው ቀላል ነው። ማህደርን ትጠይቀዋለህ፣ ይነግርሃል፣ የነገረህን ትንሽ አሳምረህ መልሰህ ለእሱ ታስረክባለህ። ያ ዓመት ግን ከሌላው ይለይ ነበር። ታኅሣሥ 30 የከተማዋ ታሪክ ይዘጋል ተብሏል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም። መነሻው በከተማዋ ታሪክ ውስጥ ያልተገኘ ቤተሰብ ሁሉ «መጤ» ተብሎ ጥር 15 ቀን ወደ ቆላው አዲስ ከተማ ይወሰዳል። እኔና አብሮኝ ጥናቱን የሚሠራው ከድር ማስታወቂያውን አንብበን ወደ ምሳ ሄድን። እኛን የሚነካ አልመሰለንም፤ ተማሪ ሆነን እኮ ነው የመጣነው።

የዛሬው ግቢ ከመሠራቱ በፊት ቦታው ላይ ምን እንደነበር ማህደርን ጠይቀነዋል። «ባዶ መሬት» ብሎናል። ከድር ይህችኑ አሳምሮ ጽፎ ምሳ ላይ ያነብልኝ ጀመር። ድምፁ ትልቅ ነው፤ መስጊድ ውስጥ ቢያድግ ኖሮ አዛን ባይ ይሆን ነበር እያልኩ አሾፍበታለሁ።

«የሾላ ማዶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተገነባው ባዶ መሬት ላይ ሲሆን…»

«ምን መሬት ነው ያልከው አንተ ልጅ?»

ቀና ስንል እትዬ የሺመቤት ናቸው። የምግብ አዳራሹን ጠረጴዛ የሚያጸዱ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ «ትሪውን መልሱ» ከማለት በቀር ሲናገሩ ሰምቻቸው የማላውቅ ሴት።

«ባዶ መሬት ነው ያልኩት፣ እትዬ» አለ ከድር።

«እንግዲያው እኔ ባዶ መሬት ላይ ተወለድኩ በለኛ። ያ ዳቦ የሚጋግረው ማሽን ይታይሃል? የእናቴ ጓዳ እሱ የቆመበት ነው። በሩ ወደ ወንዙ ነበር።» እርጥቡን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገ ጠዋት አርሜያለሁ ማለቴ አይቀርም፣ ደሞዝተኛ ነኝ። እስከ ነገ ጠዋት ግን እውነት ነው።»

የቀረውን በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ትሪ የሚሰበስቡ እየመሰሉ ነገሩን። ሰፈሩ ጡብ ሰፈር ይባል ነበር። ለአሮጌው ኮሌጅ ጡብ ለመተኮስ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች፣ ሥራው ሲያልቅ የሚሄዱበት ስላልነበራቸው፣ እዚያው በተረፈ ጡብ ቤት ሠሩ። ጨረቃ ቤት ነው፤ ካርታ የለውም። ወልደው ከብደው ሠላሳ ዓመት ከኖሩ በኋላ በ2051 ግቢው ሲሰፋ በአራት ቀን ፈረሰ። ካርታ ያልነበረው ቤት ሲፈርስም ወረቀት የለውም።

«ሂዱና ጋሽ ሽብሩን ጠይቁ» አሉን። «የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። የማዛወሪያው ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ለእኔም ደርሶኛል።»

ጋሽ ሽብሩ የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ እዚያ አስፍረዋቸዋል፤ ሰው ሁሉ በየፎቁ ተበታተነ፣ እድሩ ግን አልፈረሰም። ከመቶ አሥራ ሁለት ቤት ስልሳ አራቱ ቀርቷል። ሰው ሲሞት አሁንም በማለዳ በሕንፃዎቹ መካከል ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ጎረቤት አሁንም ረበሹን ብሎ ለማህደር አቤት ይላል።

የማዛወሪያ ደብዳቤውን አሳዩን። «መነሻ፦ አልተገኘም» ይላል።

«አርባ ዓመት የኖርኩበትን ቤት መንግሥት ራሱ ነው የሰጠኝ» አሉ። «ከየት አንስቶ እንደሰጠኝ ረሳው።»

ከዚያ አንድ ትልቅ መዝገብ ከአልጋው ሥር ጎትተው አወጡ። የእድሩ ማህተም የተመታበት የለቅሶ መቆጣጠሪያ ነው፤ ማን ቀብር መጣ፣ ማን ቀረ። ቤቶቹ ከወንዙ ዳር ጀምሮ እስከ ላይኛው ሾላ ድረስ በቅደም ተከተላቸው ተጽፈዋል፣ ማን ከማን ጎን እንደነበር ሁሉ ይታወቃል። እኔና ከድር ተያየን። ጥናታችን ያለቀ መሰለን። ገጹን ሁሉ አንድ በአንድ ለማህደር አሳየነው።

«የግል ማስታወሻ» አለ ማህደር። «የማህተሙ ባለቤት አልታወቀም። ይህ እድር የሚገኝበት ሰፈር የለም።»

ጋሽ ሽብሩን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀዳናቸው። ስለ እቶኑ ጭስ፣ ስለ አባታቸው እጅ መሰነጣጠቅ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጎርፍ ነገሩን። ማህደር ሁለቱንም ሰዓት ተቀብሎ «ጨዋታ» ውስጥ አስገባውና «ደስ የሚል ነው» የሚል አስተያየት ጨመረበት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተናደድኩበት ጊዜ የለም።

ቀጥሎ ያጠፋነው እኛ ነን። ከድር ነው የተናገረው እንጂ እኔም በልቤ አስቤው ነበር። «ጋሽ ሽብሩ፣ ለምን ጡሩምባውን አይነፉልንም? ስልሳ አራቱም ቤት በአንድ ቀን ይመጣል። ቃለ መጠይቁን በአንድ ጊዜ እንጨርሰው ነበር።»

ጋሽ ሽብሩ ተነሡ። ሄደው በሩን ከፈቱና በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ጡሩምባ የትምህርት ቤት ደወል መስሎህ ነው? ሰው ሳይሞት? ሰው እኮ ያንን ሲሰማ ልቡ ነው የሚወድቀው፤ የማን ልጅ ይሆን እያለ። በሉ ውጡልኝ።»

አሥራ አራት ፎቅ እስክንወርድ በራሴ እያፈርኩ ነበር።

ጥናቱን ግን ጻፍነው። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እኔ ነኝ የቀየርኳት፦ «የዛሬው ግቢ ባለበት ቦታ ላይ ጡብ ሰፈር የሚባል ሰፈር ነበር።» ማህደር መለሰው። እንዳለ መልሼ ላክሁ። በየጠዋቱ «ያርማሉ?» ይለኛል፤ በየጠዋቱ «አላርምም» እለዋለሁ። በአራተኛው ቀን የምሳ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆምኩ፣ ስደርስ የቀረው እንጀራ ብቻ ነበር። በአሥረኛው ቀን ዕቃዬን ከውኃ ታንከሩ ሥር ወዳለች ክፍል አዛወሩብኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከዚያ ያለፈ ሰው ምን እንደሚሆን አወቅሁ፤ መምህራችን ስም ሲጠሩ ዘለሉኝ። እጄን ሳወጣ ያዩኛል፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ከክፍል ስንወጣ ኮሪደር ላይ አጠገቤ ሲደርሱ ወደ ፊት እያዩ «ትርንጎ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት እኮ፤ ተያት» አሉኝ።

«አንዲት ስለሆነች ነው» አልኳቸው። «ሁለት ብትሆን አንዷን እተዋት ነበር።»

ከድር በስድስተኛው ቀን አርሞ ነበር። አባቱ የከተማው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው። አልፈረድኩበትም፤ ትንሽ ግን ከፍቶኛል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ውኃ ታንከሩ ሥር መጥቶ ፍራሹን መሬት ላይ ዘረጋ። «እርማቴን አንስቻለሁ» አለኝ፣ ሌላ አላስረዳም።

ታኅሣሥ 19 ቀን ከሰዓት በኋላ በር ላይ ሰው ይፈልግሻል ተባልኩ። ጋሽ ሽብሩ ናቸው። ጥቁር ኮት ለብሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሳያቸው ደነገጥኩ።

«ማን ሞተ ጋሽ ሽብሩ?»

«ጡብ ሰፈር» አሉ።

የጥበቃውን ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ከሄዳችሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ያንን ልጅ ሰው ሳይሞት ብዬ ነበር ያባረርኩት። ሳስበው ሞቷል እኮ። ያኔ ዕቃ ስናሸሽ፣ ልጅ ስንሸከም፣ የትኛው ሕንፃ እንደደረሰን ስንሯሯጥ ማን ቁጭ ብሎ ያልቅስ? አርባ ሦስት ዓመት ሳይለቀስለት የቀረ ሬሳ ነው። ላዩ ላይ ሣር ዘርተውበታል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነፋለሁ። ድንኳኑን የምትተክሉት እናንተ ናችሁ፤ ጉልበት ያለው ሰው የለንም።»

ጡሩምባውን በማለዳ ሰማሁት። ወንዙን ተሻግሮ ግቢው ድረስ ይሰማ ነበር። ቃሉን በኋላ እትዬ የሺመቤት ነገሩኝ፦ «የጡብ ሰፈር እድርተኞች! ጡብ ሰፈር ስላረፈ፣ ለቅሶው አሮጌው እቶን በነበረበት፣ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ፊት ለፊት ነው። የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ሰው መጀመሪያ የጋሽ ሽብሩ ጭንቅላት የታወከ መስሎት ነበር። ቢሆንም እድር ነው፤ ጡሩምባ ከተነፋ አይቀርም። በሁለት ሰዓት ላይ ስልሳ አራቱም ቤት፣ በምርኩዝ የሚሄደው በምርኩዙ፣ በልጅ ልጁ የሚደገፈው በልጅ ልጁ፣ ሣሩ ላይ ደርሶ ነበር። እኔና ከድር ሌሎች ሰባት ተማሪዎች ለምነን ድንኳኑን ተከልን። እንዴት እንደሚተከል የሚያውቅ ከእኛ ውስጥ ስላልነበረ አንድ አዛውንት ወንበር ላይ ተቀምጠው በምርኩዛቸው እየጠቆሙ ይሰድቡን ነበር።

የጠበቅሁት የይስሙላ ነገር ነበር። ግን ጋሽ ሽብሩ ገብተው «አይ ጡብ ሰፈር» ሲሉ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት የእናታቸውን ደጃፍ ስም ጠርተው ማልቀስ ሲጀምሩ፣ ድንኳኑ ሁሉ ተከተላቸው። አርባ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ነው። እኔ በሰፈሩ ውስጥ የማውቀው አንድ ድንጋይ እንኳ የለም፤ ቆሜ አለቀስኩ።

ማህደር ለሁላችንም መልእክት ላከ፦ «በግቢው ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ታይቷል። ሟች አልተገኘም።» የከተማው ደንብ ደግሞ የለቅሶ ድንኳን ለሦስት ቀን አይነሣም ይላል። ስለዚህ ማህደርም ግራ የገባው ይመስለኛል። ሣር የሚያጭዱት ማሽኖች መጥተው ድንኳኑን ዙሪያውን እየዞሩ ሣሩን ክብ አድርገው አጨዱና ተመለሱ። ቀጥሎ የግቢው ጥበቃ ኃላፊ አራት ሰው ይዘው መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ የተዘገነላቸውን ንፍሮ በሉ። ሲወጡ ለጋሽ ሽብሩ «ኧረ እኛ ምን እናድርግ» ብለው ሄዱ። በማግስቱ አልመጡም።

በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 22፣ የማህደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ልዑልሰገድ ራሳቸው መጡ። ሃምሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ ንጹሕ አለባበስ የሚወዱ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን የሰማ ተማሪ አልነበረም። ከድንኳኑ አሥር እርምጃ ርቀው ቆሙና አንድ ወረቀት ለጸሐፊያቸው ሰጡ። ጸሐፊው በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «የሞተ ሰው ባለመኖሩ ድንኳኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይነሣ።»

ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ደግሞ አነበበ።

«አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ አዋጅ አይነበብም» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «አለቃህ የሚለው ካለው ገብቶ ተቀምጦ ይበል።»

ጸሐፊው ወደ ኋላ ዞሮ አለቃውን አየ። አቶ ልዑልሰገድ ሰዓታቸውን አዩ። ሊያስነሱን የመጡት ሰዎች አንድ ጊዜ ንፍሮ በልተው ተመልሰዋል፤ ሌላ የሚልኩት ሰው አልነበራቸውም። በቁጣ እየተራመዱ መጡ። የድንኳኑ በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ አሉ፣ ገቡ፣ ቀና ሲሉ ስልሳ ምናምን የተዘቀዘቀ ነጠላ ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል።

ምን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው እንዲያ ያለ ቦታ ሲገባ እግሩና አፉ ራሳቸውን ችለው ነው የሚሠሩት። እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ፣ አንገታቸው ሰበር አለ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ።

«አሜን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ ድንኳኑ።

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁለት ሽማግሌዎች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላቸው፤ ተቀመጡ። እትዬ የሺመቤት ንፍሮ ዘገኑላቸው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከዚያ ጋሽ ሽብሩ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱና መሬት መሬት እያዩ «እንዲህ ሆነ እንግዲህ። ደግ ሰፈር ነበር» አሉ።

ለቅሶ የደረሰ ሰው እንዲህ ሲባል ዝም አይልም። ስለ ሟቹ አንድ መልካም ነገር ይላል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስናይ የኖርነው ነው።

«ነበር እንጂ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ። «ትምህርት ቤት ስሄድ በዚሁ በጡብ ሰፈር ውስጥ ነበር የማቋርጠው። ዝናብ ሲይዘን ማንነታችንን ሳይጠይቁ ቤታቸው ያስገቡን ነበር፤ እሳቱ ዳር ያስቀምጡናል። ነፍሱን ይማር።»

ጸሐፊው በሩ ላይ ሆኖ አፉን ያዘ። ወዲያው ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረኝ፤ የሁላችንም ነዘረ። አውጥቼ አየሁት። «አዲስ ዱካ ተመዝግቧል። ጡብ ሰፈር፦ በዛሬው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ቦታ ላይ የነበረ ሰፈር። ነዋሪዎቹ በዝናብ ጊዜ ተማሪ ያስጠልሉ ነበር። ምንጭ፦ የማህደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ።» ቀጥሎ ሌላ መጣ። የእድሩ ማህተም ባለቤት ታውቋል፤ መዝገቡ ተቀባይነት አግኝቷል፤ መቶ አሥራ ሁለት ቤት።

አቶ ልዑልሰገድ የራሳቸውን ስልክ እያዩ ነበር። ፊታቸው ላይ ደም አልቀረም። ባለሥልጣን የተናገረውን በአንድ ሰዓት ውስጥ መሻር ይችላል፤ በራሱ ድምፅ አልነበረም ማለት ብቻ ነው የሚበቃው። ተነሥተው ቆሙ። ንፍሮው እጃቸው ውስጥ እንዳለ ነው።

«አታለላችሁኝ» አሉ።

«ማንም አላታለለህም ልጄ» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «ለቅሶ ደረስክ።»

ተነሥቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«ይሻሩታ» አልኳቸው። «ይኸው ሁሉም እዚህ አሉ። እሳቱ ዳር ያስቀመጡዎት ሰዎች ናቸው። ዓይናቸውን እያዩ አልነበራችሁም ይበሉ፣ እኔም አርማለሁ።»

አፋቸውን ከፈቱ። አየኋቸው፤ ሊሉት ነበር። አንዲት በጣም ያረጁ ሴትዮ ነገሩ ያልገባቸው ይመስለኛል፣ ሰውየው የቆሙት ቦታ አጥተው መስሏቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ተጠጉና «እዚህ ጋ ይቀመጡ» አሏቸው። አቶ ልዑልሰገድ አፋቸውን ዘጉ። ለሴትዮዋ እጅ ነሥተው ጎንበስ ብለው ወጡ። አዳራሹ ፊት ለፊት ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ሲያዩ ከድንኳኑ ሆነን እናያቸው ነበር። ስልሳው ደቂቃ እስኪያልቅ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሲያልቅ ከድር በዚያ ትልቅ ድምፁ «አለቀ» አለ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንደ አዲስ አለቀሰ። እኔ ደስታ ነው ያስለቀሰኝ፣ አልደብቅም።

ነገሩ በዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑን ስናፈርስ ያው ጸሐፊ ተመልሶ መጣ። አለቃው አልነበሩም፤ ከዚያ ቀን በኋላም ቢሮ ገብተው አያውቁም። አዲስ ወረቀት ይዟል። ሰፈሩ በታሪክ ውስጥ መግባቱን ጽሕፈት ቤቱ ተቀብሏል። የማዛወሩ ውሳኔ ግን ከዚህ በፊት የተሰጠ ስለሆነ አይለወጥም። ስልሳ አራቱም ቤተሰብ ጥር 15 ቀን ጠዋት ዕቃውን ይዞ መኪና ማቆሚያው ላይ ይገኝ።

የድንኳኑን ጨርቅ እንደያዝኩ ቀረሁ። ከድር አንገቱን ደፋ። ጋሽ ሽብሩ ገመድ እየጠቀለሉ ነበር፤ እስኪጨርሱ አላቋረጡም።

«ጥር 15 አይሆንም» አሉ።

«ምን ማለት ነው አይሆንም?»

«ሐዘን ላይ ነን። ሐዘንተኛ አርባውን ሳያወጣ አገር አይለቅም። አርባው ጥር 29 ነው። እዚሁ ሣሩ ላይ።»

ጸሐፊው ወረቀቱን አየ፤ ወረቀቱ ስለዚህ ምንም አይልም። «እሺ፣ ከጥር 29 በኋላስ?»

«ሰማንያው አለ። መጋቢት 9። ከዚያ መንፈቁ ነው። ከዚያ ሙት ዓመቱ፤ እሱን ሳናወጣ ብንሄድ ሰው ምን ይለናል?»

«ከሙት ዓመቱ በኋላ ግን ትሄዳላችሁ።»

«ሰባት ዓመቱስ ለማን ይቀራል?» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «ያን ጊዜ እኔ ባልኖር እነዚህ አሉ።» በእጃቸው ወደ እኔና ወደ ከድር፣ ገመድ ይዘው ወደቆሙት ሰባት ተማሪዎች አሳዩት። «ዛሬ እድር ገብተዋል።»

ማናችንም እድር አልገባንም ነበር። አንዳችንም አላረምናቸው።

የጥበቃ ኃላፊው ከኋላችን ሆነው ሁሉንም ይሰሙ ኖሯል። ቀረብ ብለው ለጸሐፊው «ሐዘንተኛ ይዤ መኪና ላይ አልጭንም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉት። ጸሐፊው ግራና ቀኝ አየ፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ገለበጠና ከኪሱ እስክርቢቶ አወጣ።

«ቀኖቹን ይድገሙልኝ» አላቸው።

ጋሽ ሽብሩ ገመዱን መሬት አስቀመጡና ቀስ ብለው ደገሙለት።